የጳጳሱ ስም ያልተጻፈበት ቅጠል

መጻፍ ደስ ይለኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምተርከው አብዛኛው ያበሳጨኝ ነገር ስለሆነ፣ አንባቢዬ ገና ከጅምሩ «ምን ዓይነት ነጭናጫ ልጅ ናት» ብሎ እንዳይተወኝ ነው። መቃዬን ቀለም ነክሬ የመጀመሪያዋን ፊደል ብራና ላይ ሳሳርፍ የሚሰማኝን ደስታ ለሰው አስረድቼ አልጨርስም። ያን ሳምንት ግን ያንኑ መቃ ይዤ ሦስት ቀን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ዋልሁ።

ስሜ አስካለ ነው፤ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን አንኮበር ገደሉ አፋፍ ላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከቆላ ተነሥቶ ሳይጠሩት ይገባል። አባቴ ደብተራ ወልዴ መጽሐፍ ጸሐፊ ነው። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ከተማው ጭር ቢልም የአድባራቱ ሥራ አልጎደለበትም። እናቴ ካረፈች በኋላ ሁለታችን ብቻ ስለቀረን ሙያውን ሁሉ አስተማረኝ፤ መጀመሪያ ብራና መፋቅ፣ ቀጥሎ ቀለም መበጥበጥ፣ ከዚያ አንድ ቀን «እስቲ ይህን መስመር ጨርሺልኝ» አለኝ።

ምክንያቱን ቆይቼ ነው ያወቅሁት። ዓይኑ ደክሞ ነበር። ፊደል ጉም ውስጥ እንደገባ በግ ይሆንበታል፤ እዚያ መሆኑን ያውቃል፣ የቱ የቱ እንደሆነ ግን አይለይም። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት አለፈ፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት የአባቴ ጽሕፈት የተባለው ሁሉ የእኔ ነበር። ሴት ልጅ የጻፈችውን መጽሐፍ መቅደስ የሚያስገባ አለቃ ስለሌለ ነገሩን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባቴም ዓይኑ የሚድን ይመስል «ለጊዜው ነው፣ ለጊዜው ነው» ይለኝ ነበር። ይህ «ለጊዜው» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሰለቸኝ አልነግራችሁም።

በዚያ ሰሞን ከአንድ የባሕር ማዶ እንግዳ ጋር አባ ተክሌ የሚባሉ አስተርጓሚ ከተማችን ገቡ። የጎንደር ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ሮሜ ሄደው ተምረው፣ ካቶሊክ ካህን ሆነው ተመልሰዋል። ካቶሊኮቹ ከሸዋ እንዲወጡ ከተደረገ ጥቂት ዓመት ስለሆነው እንደ ነጋዴ ለብሰው ነው የሚሄዱት። ማክሰኞ ጠዋት ቤታችን መጡ፤ አባቴም ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«ደብተራ፣ ዓይንህን እንዴት ይዞሃል?» አሉት።

«ደኅና ነው። ምነው?»

«እጅ የነሣኸው እኔን ሳይሆን ምሰሶውን ስለሆነ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። አባቴም ትንሽ ቆይቶ ሳቀ፤ ደስ ብሎት አልነበረም። አባ ተክሌ ከብብታቸው አንድ ትንሽ የእንጨት ሣጥን አወጡና ከፈቱት፤ ውስጡ መነጽር ነበረበት። አባቴ በጣቱ ዳሰሰው፤ አንዱን መስተዋት፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ጆሮ ላይ የሚታጠፈውን ሽቦ።

«አንዲት የመዳፍ ስፋት ያላት ጥራዝ እንድትጻፍልኝ እፈልጋለሁ» አሉ አባ ተክሌ። «ስምንት ቅጠል ነው። ዓርብ የአልዩ አምባ ገበያ ሲበተን ከነጋዴዎቹ ጋር ወደ ሐረር እወርዳለሁ። ሐሙስ ማታ በእጄ ከገባ መነጽሩ ያንተ ነው።»

«ምን የሚል መጽሐፍ ነው?»

«ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለነበረ አንድ የሮሜ ጳጳስ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በተበላሸችበት ዘመን ሊያቃናት የተነሣ ሰው።»

አባቴ የካቶሊክ መጽሐፍ የመጻፍን አደጋ ያውቃል። ጣቱ ግን ከመነጽሩ አልተነሣም። «አስካለ፣ ብራና አውጪ» አለኝ።

እኔ እንደምጽፍ አባ ተክሌ ወዲያው ተረዱ፤ ምንም አልደነቃቸውም፣ «ሮሜ መነኮሳይያት ሲጽፉ አይቻለሁ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ከወረቀታቸው እያነበቡ ያጽፉኝ ጀመር። የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው በጳጳሱ ስም ነው። በእኛ ሙያ ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሙሉው መጽሐፍ በጥቁር ይጻፋል፤ የመጽሐፉ መክፈቻና የተቀደሱ ስሞች የሚገቡበት ቦታ ግን ባዶ ይተዋል። መጨረሻ ላይ ቀይ ቀለም ተበጥብጦ ባዶው ሁሉ ይሞላል።

«የጳጳሱን ስም ከነማዕረጉ በቀይ ነው የምንጽፈው» አሉ አባ ተክሌ።

«ቀይ የቅዱሳን ነው» አለ አባቴ። «የሮሜ ጳጳስ ስም በቀይ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«ለእኛ አባት ናቸው እኮ።»

«ለእርስዎ ይሁኑ። ቀለሙ የእኔ ነው።»

እንዲሁ ሲከራከሩ ረፋዱ አለቀ። በመጨረሻ «ለጊዜው ባዶ ይተው፤ ሐሙስ እንወስናለን» ተባባሉ። ያው ለጊዜው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ታሪኩ ገባን፤ እውነቱን ለመናገር ወደድሁት። ጳጳሱ ሲሾም ሽማግሌ ነበር። ዘጠኝ ሰዎች መርጦ «ቤተ ክርስቲያናችን የታመመችበትን ፈልጋችሁ ንገሩኝ፣ ምንም አትደብቁኝ» አላቸው። እነሱም ተሰብስበው ጽፈው አመጡለት፤ በሽታው የጀመረው ከሮሜ ጳጳሳት ከራሳቸው ደጅ ነው ብለው። ሹመት ይሸጣል፣ የማይገባው ይቀስሳል፣ የየአገሩ ጳጳስ ሮሜ ተቀምጦ መንጋው ያለ እረኛ ይቀራል አሉት።

«አልቀጣቸውም?» አልሁ።

«አልቀጣቸውም። ተቀበላቸው።»

«ከዚያ አቃናው?»

አባ ተክሌ ጺማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ጉባኤ ጠራ።»

ጉባኤው ግን በአንድ ከተማ ተጠርቶ ፈረሰ፤ በሌላ ከተማ ተጠርቶ ማንም ሳይመጣ ቀረ፤ ጳጳሱ ከተሾመ አሥራ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው የተሰበሰበው። ያን ሁሉ «ደግሞ ተላለፈ፣ ደግሞ ተላለፈ» የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ዛለ። ቀጥሎ ደግሞ ይህ መጣ፤ ይኸው ጳጳስ ከመቀሰሱ በፊት ልጆች ወልዶ ነበርና፣ ገና እንደተሾመ የልጆቹን ልጆች፣ አንዱን በአሥራ አራት ዓመቱ፣ ሁለተኛውን በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ከሽማግሌዎች ጋር እኩል ሾማቸው።

«ይኸው ሰውዬ ነው?» አልሁ።

«ይኸው ነው።»

«የሚያቃናው?»

«ጻፊ፣ ልጄ።»

ጻፍሁ። ረቡዕ ጠዋት አባ ተክሌ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። «ያንን የልጅ ልጆቹን ነገር ፋቂው። የሚያነበው ሰው ይስቅብናል።» ሰንጢዬን አንሥቼ ሁለት መስመር ፋቅሁ፤ ብራናውን በድንጋይ አለስልሼ ሌላ ቃል ጻፍሁበት። ረቡዕ ከሰዓት ተመልሰው መጡ። «ጠቅላላውን ሳስበው ዋልሁ። ያንን ከደበቅሁ እነዚያ ዘጠኙ ሰዎች ደፍረው የተናገሩትን እኔ መፍራቴ አይደለም? መልሺው።» ፋቅሁ፤ መለስሁት። ሐሙስ በማለዳ በሩ ላይ ቆመው ገና ሳይገቡ «አስካለ፣ ያ መስመር» ሲሉ መቃዬን አስቀመጥሁ።

«አባ፣ ብራናው ሦስተኛ ፍቀት አይችልም፤ ይበሳል። እርስዎም እንደ ጉባኤው ሆኑብኝ፤ አንዴ ተጠሩ፣ አንዴ ተላለፉ።»

አባቴ «አንቺ» ብሎ ተቆጣኝ። አባ ተክሌ ግን አፍረው ወደ መሬት አዩ። «እንግዲያስ ይቅር፤ እንዳለ ይሁን» ብለው በቅሎአቸውን ሊያስጭኑ ሄዱ። ከሰዓት ተመልሰው ጥራዙን ሊወስዱ፣ መነጽሩንም ሊሰጡን ነው። ጥቁሩ አልቋል፤ ቀዩ ብቻ ቀርቷል። የጳጳሱ ስም ነገር ገና ባይወሰንም እኔ ጓዳ ገብቼ ቀይ ቀለም መበጥበጥ ጀመርሁ።

አለቃ የመጡት ይኼኔ ነው።

የደብራችን አለቃ ለአባቴ የሥራው ሁሉ በር ናቸው። አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ አዝዘው ነበርና እንዴት ሆነ ሊሉ መጡ። ያ የጸሎት መጽሐፍ ከዚሁ ብራና፣ በዚሁ ልክ የተቆረጠ ነው። ሁለቱም ከአልጋው ራስጌ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

«እስቲ አንድ ቅጠል አሳየኝ» ሲሉ ሰማሁ። አባቴም በእጁ ዳበሰና አንድ ቅጠል አቀበላቸው። ከጓዳው በር ሆኜ ሳይ የያዙት የጸሎቱን አልነበረም። የጳጳሱ የልጅ ልጆች ነገር ያለበትን ነበር።

አለቃ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሰው እንደገና አነበቡ። ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ወልዴ፣ ይህ ስሙ ሳይጻፍ የታለፈው ማን ነው?»

አባቴ የጸሎቱን ቅጠል የሰጣቸው መስሎታል። «የእመቤታችን ስም ነዋ፣ ጌታዬ። ዛሬ በቀይ ይሞላል» አለ በደስታ።

«እመቤታችን ናት የልጅ ልጆቿን የሾመችው?»

«ምን አሉኝ?»

«የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በሽማግሌዎች መካከል ተሾመ ይላል ያንተ ብራና። ሰው ሁሉ አዘነበት ይላል።»

እዚህ ላይ ልንገራችሁ። አለቃ ባለፈው ዓመት የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን የደብሩ ገበዝ አድርገው ሾመውታል፤ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቅ፣ ሥርዓቱን የሚያሲዝ እሱ ነው። ያ ቦታ የሚገባቸው ስንት ሽማግሌዎች እያሉ ቁልፉ ወገቡን እያጎበጠው ሲሄድ አንኮበር ሁሉ ያያል፤ የሚናገር ግን የለም። አለቃ ያንን ባዶ ቦታ ሲያዩ የራሳቸውን ስም አነበቡበት።

«ታናሽየውንስ ሁሉም አውቆታል» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፣ ከጩኸት ይልቅ ያስፈራል። «ታላቅየውንም ልሾመው ማሰቤን ማን ነገረህ? እኔ ለባለቤቴ እንኳ ገና አልተነፈስሁም።»

አባቴ አሁን ምን እንደሰጣቸው ገባው። አለቃን ነው ካለ አለቀለት፤ የሮሜ ጳጳስ ነው ካለም አለቀለት። እኔ ያኔ ያሰብሁት ስለ መነጽሩ ነው። ጥራዙ ከተወሰደ መነጽሩ በቅሎ ላይ ተጭኖ ሐረር ይወርዳል። ወጣሁ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ አይደሉም። የሮሜ ጳጳስ ነው። ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል።»

«አስካለ» አለ አባቴ።

አለቃ ዘወር ብለው አዩኝ። «የሮሜ?»

«የሮሜ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ እንዴት እርግጠኛ አልሆንም።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ሁለት ወንጀል በአንድ ትንፋሽ እንዳመንሁ የገባኝ። አለቃ ቅጠሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አባቴን አዩ። «ባለፈው የትንሣኤ ጊዜ 'የወልዴ እጅ ከዓመት ወደ ዓመት እያማረ ሄደ' ብዬ ተናግሬ ነበር» አሉ።

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው ዝቅ አለ። መከፋታቸው አልነበረም፤ ቀለል ብሏቸው ነው። ተቀመጡና «ቀጥሎ ምን ይላል?» አሉኝ። ስለ ዘጠኙ ሰዎች ነገርኋቸው። ፊታቸውን ቢቆጣጠሩም ጣታቸው መቋሚያቸው ላይ ይንቀሳቀስ ነበር።

«በፊቱ ነገሩት?»

«በፊቱ። ጠይቋቸው ነው።»

«የልጅ ልጆቹንስ ሻራቸው?»

«አልሻራቸውም።»

«አየሽ» አሉ አለቃ። በዓለም ላይ ካሉት ቃላት ሁሉ ያን ቀን ያቃጠለኝ ይህ አንድ ቃል ነው። ያን ሁሉ ታሪክ ሰምተው ለራሳቸው የወሰዱት ያችኑ ብቻ ነው።

ተነሥተው ቅጠሉን ሰጡኝ። «ቀይሽን አምጪ። በባዶው ሁሉ የዚያን ሰውዬ ስም ጻፊ። የሮሜ መሆኑም ይጻፍ።»

«ጌታዬ» አለ አባቴ፣ «ቀይ እኮ የቅዱሳን ነው።»

«ጻፊ ብያለሁ። ቀይ ከሩቅ ይታያል። ሌላ ሰው እንደኔ እንዲሳሳት አልፈልግም።»

እናም የአንኮበር የደብር አለቃ ራሴ ላይ ቆመው፣ የሮሜን ጳጳስ ስም ከመክፈቻው እስከ መጨረሻው በቀይ አስጻፉኝ። አንዱን እንኳ እንዳልዘለል በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር። ሲያበቃ «ይህ መጽሐፍ አንኮበር አያድርም፤ ዛሬውኑ ቆላ ይውረድ። እኔም እዚህ ቤት አልመጣሁም» ብለው በጉሙ ውስጥ ወጡ።

አባ ተክሌ መጥተው ጥራዙን ሲገልጡ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ደብተራ፣ በቀይ ጻፍህልኝ? ልብህን እግዚአብሔር አራራው?»

«አለቃችን አዘዙ» አለ አባቴ።

አባ ተክሌ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ማስረዳት ደከመን። ሲሰናበቱ መጨረሻው ቅጠል ላይ ያለውን ለአባቴ አነበቡለት፤ በዚያው ጳጳስ ዘመን ከደብረ ሊባኖስ የሄደ አንድ የሸዋ መነኩሴ ሮሜ ተቀብለውት ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በማተሚያ እንዳሳተመ፣ ጳጳሱም እንደረዳው። «ሰውዬው ይህንንም አደረገ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፤ «ይህንንም ያዢለት።» ከዚያ ሣጥኑን አባቴ እጅ ላይ አኑረው ሄዱ።

አባቴ መነጽሩን አደረገ። የራሱን መጽሐፍ፣ ዓይኑ ያይ በነበረበት ዘመን የጻፈውን፣ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋ። አራቀው። አቀረበው። መነጽሩን አውልቆ በነጠላው ጠረገና መልሶ አደረገ።

«ደኅና ነው» አለ። «ትንሽ መልመድ ይፈልጋል።»

ዓርብም ለመደ፤ ቅዳሜም ለመደ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ መቃ ይዞ ተቀመጠና አንድ መስመር ጻፈ። ፊደሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ወድቀው ነበር። የዓይን ሞራ መሆኑን፣ ሞራ ደግሞ መስተዋት እንደማያነሣው በኋላ ነው ከአንድ ሐኪም ያወቅነው። ያን ጊዜ ያወቅሁት መነጽሩ እንዳልሆነለት ብቻ ነው። እንዲያ ተሸማቀን፣ እንዲያ ፍቀን፣ እንዲያ ፈርተን ያገኘነው መነጽር። በግድግዳው ላይ ልወረውረው ቃጣኝ።

አባቴ ወደ እኔ ሳይዞር «አስካለ» አለ። «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ከእንግዲህ ልጽፍ እችላለሁ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አልጠየቀኝም። «ለጊዜው» ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ቃሉ ከአፌ ደርሶ ነበር። ግን ጠየቀኝ።

«አትችልም፣ አባዬ» አልሁት። «ካቆምህም ሁለት ዓመት ሆኖሃል።»

መነጽሩን አውልቆ ሣጥኑ ውስጥ አስገባ። ሦስት ቀን አላነጋገረኝም። ምሳውን አቀርብለታለሁ፤ ይበላል፤ ፊቱን ያዞራል። እኔም ተናድጄ ነበር፤ ራስህ ጠይቀኸኝ ብዬ። በአራተኛው ቀን ተነሥቶ አለቃ ዘንድ ሄደ፤ እኔም እጁን ይዤ ተከተልሁ። በደብሩ ሽማግሌዎች ፊት «ከእንግዲህ እኔ ብራናውን አሰምራለሁ፣ የምትጽፈው ልጄ ናት» አለ። አለቃ ወደ ጣራው አዩ። «አልሰማሁም» አሉ። ሁለተኛ ተናገረ። «አልሰማሁም ብያለሁ፤ የጸሎት መጽሐፌን ግን ለሰኔ አድርሱልኝ» አሉ።

አንባቢዬ፣ ይህን ታሪክ በድል ልጨርስልህ ብችል ደስ ባለኝ። የጻፍኋቸው መጻሕፍት ላይ አሁንም የእኔ ስም የለም። ገበዙ አሁንም ያ ልጅ ነው፤ ቁልፉ ግን አሁን ልክ እየሆነው መጥቷል፣ አድጓልና። መነጽሩን አባቴ ለአለቃ ሰጣቸው፤ ለእሳቸው ደኅና አድርጎ ሠራ፤ አፍንጫቸው ላይ ባየሁት ቁጥር ያቃጥለኛል። ታላቅየው የልጅ ልጃቸው ግን እስከዛሬ አልተሾመም። ለምን እንደሆነ አለቃን የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ስለዚያ ጳጳስ ብዙ አስባለሁ። እናደድበታለሁ፤ በሽታውን ጠይቆ ሰምቶ፣ በቤቱ ያለውን እንዳለ ትቶ፣ ጉባኤውን እያስተላለፈ አረጀ። ደግሞ ከእሱ በፊት የነበሩት አልጠየቁም ነበር። እሱ ጠየቀ፤ የተናገሩትንም አልጎዳ፤ ጉባኤውም ዘግይቶም ቢሆን ተሰበሰበ። ግማሹን ብቻ ለሚሠራ ሰው ምን እንደሚባል እስካሁን አላወቅሁም። አባ ተክሌን ባገኛቸው እጠይቃቸው ነበር። እኔ ላይ የለወጠው ነገር ግን ይህ ነው፤ ሰው ሲጠይቀኝ እመልሳለሁ። ደስ ባይለውም፣ ሦስት ቀን ባያነጋግረኝም።

አሁን አባቴ በወስፌ ብራናውን ይወጋል፣ ጣቱን እያስከተለ ያሰምራል፤ እኔ እጽፋለሁ። ትናንት ጠዋት የመጀመሪያውን ቅጠል ሲያቀብለኝ አየሁት።

«አባዬ፣ ሦስተኛው መስመር ጠሟል።»

«የት ጋ?»

ጣቱን ይዤ ቦታው ላይ አኖርሁለት። ዳሰሰው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወስፌውን አንሥቶ እንደገና አሰመረ።